ከሰሌኑ ስር ያልገባው ሰው

አጎቴ ፔሳሚኖ የቦክስ ሻምፒዮንነት ቀበቶውን የሚሰቅለው ማብሰያው ዳስ ውስጥ፣ የአሳማዎቹ ባልዲ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ላይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እንግዳ የሚቀመጥበት ቤት ምሰሶ ላይ፣ ከአያቶቹ ፎቶግራፍ ጎን ያደርገው ነበር። ቆዳው በጭስ ጠቁሯል፤ ከፊቱ ያለው ናስ ዝጓል። ልጅ ሳለሁ አውርጄ ወገቤ ላይ ለማሰር ስታገል አገኘኝና ሳይቆጣ፣ «መልሺው፣ ያቆሽሽሻል» አለኝ።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። እናቴ ቫኦሳ የፔሳሚኖ ታላቅ እህት ናት። እኛ ሳሞአዎች ዘንድ እህት የወንድሟ የዓይን ብሌን ናት ይባላል። ወንድም ሲከበር እህት ቀና ትላለች፤ ወንድም ያጠፋ እንደሆነ ደግሞ ጭቃው የሚረጨው እሷ ላይ ነው። እናቴ ቤተክርስቲያን ውስጥ ለምን ሁልጊዜ የኋላ ወንበር እንደምትመርጥ ለመጠየቅ የደፈርኩት ካገባሁ በኋላ ነው። የዚህን ታሪክ ግማሽ ከእሷ ሰማሁ፤ ሌላውን ግማሽ አግብቼ ከገባሁበት ቤት።

ፔሳሚኖ ሳሌታኢ በምትባለው መንደራችን ሲወለድ አዋላጇ «ይሄ ልጅ አንገት የለውም» ብላ እናቱን አስለቅሳ ነበር አሉ። አንገቱስ ነበረ፤ ውፍረቱ ከትከሻው አላስለይ ብሎ ነው እንጂ። ለራግቢ እንዲህ ያለ አንገት ስጦታ ነው። እኛ ደሴት ላይ ሣር ያለበት ቦታ ሁሉ የራግቢ ሜዳ ነው፤ ኳስ ሲጠፋ ደግሞ ያልተላጠ ኮኮናት ኳስ ይሆናል። ፔሳሚኖ ጺም ሳያበቅል ከትልልቆቹ ጋር መሰለፍ ጀመረ።

በዚህ ጨዋታ ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር አቀርቅሮ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚገፋፋበት ሰዓት አለ። ፔሳሚኖ የሚቆመው ከፊት ረድፍ ነበር። ከአጠገቡ፣ ከመሃል የሚቆመው ሰው ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ የሚጠልፍ ነው። ይህ ሰው ሁለት እጁን በግራና በቀኝ ባሉት ጓደኞቹ ጀርባ ላይ ጥሎ ይንጠለጠላል። አጥብቀው ካልያዙት አንገቱ ይሰበራል። የደሴቱ ምርጥ ቡድን ሲዋቀር ከፔሳሚኖ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው የጎረቤታችን የቫይሴጉ መንደር ሰው አፔራሞ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «የሚስቴን ጠረን ረስቼ የፔሳሚኖን ብብት ነው በደንብ የማውቀው» እያለ ያስቃቸው ነበር። ሁለቱ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጎደሬ ተካፍለው ይበሉ ነበር፤ አንድ አልጋም ላይ ተኝተዋል፣ ለጨዋታ ዋናው ከተማ አፒያ ሲሻገሩ።

ቦክሱን ያመጣበት ሶሎፋ የሚባል ጡረተኛ ፖሊስ ነው። አንድ ቀን ጨዋታ ሊያይ መጥቶ ሳለ ሁለት ሰዎች ተናንቀው ፔሳሚኖ መሃል ገባ። አልመታቸውም፤ በሁለት መዳፉ ደረት ደረታቸውን ይዞ በር እንደሚከፍት ሰው አራራቃቸው። ሶሎፋ አጠገቡ ለቆመው ሰው፣ «ሲገላግል እንዲህ የሆነ፣ ሲመታ ምን ሊሆን ነው?» አለ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ጓሮ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ተንጠለጠለ። ከራግቢ ልምምድ ሲመለስ ጆንያውን ይደበድባል። ግጥሚያ ሲኖረው በመርከብ ይሻገራል፤ አሸንፎ ይመለሳል።

ሁለቱ ስፖርቶች ግን እንደ ሁለት ጣውንት ነበሩ። ሶሎፋ፣ «ግፊያ ውስጥ ገብተህ ጣትህን ከሰበርክ የቀሩትን እኔ እሰብርልሃለሁ» ይለዋል። የሜዳ ጓደኞቹ ደግሞ፣ «ቦክሰኛው፣ ፊትህን መሸፈኑን ተውና ኳሷን ያዝ» ይሉታል። የቤተሰባችን ሹም የነበሩት አረጋዊ ቶአፋ ብቻ ናቸው በቁም ነገር የመከሩት። ቶአፋ የአያቴ ወንድም ናቸው፣ ፔሳሚኖን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ጓንት በሌለበት ቦታ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አሉት።

«አባባ፣ ሽርጥ ኪስ የለውም።»

«እንግዲያው ብብትህ ስር ደብቀው። አፔራሞ ከለቀቀልህ።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሽርጧን አስተካከለች።

ነገሩ የሆነው የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ነው። በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት ሳሌታኢና ቫይሴጉ ይጋጠማሉ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ፔሳሚኖ አፒያ ላይ ለአገሪቱ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ሊጋጠም ቀጠሮ ነበረው። ሶሎፋ እንዳይጫወት ለምኖታል። መንደሩ ግን መንደር ነው፤ እምቢ ማለት አልቻለም። አፔራሞ በዚያ ቀን ከተቃራኒው ወገን ነበር፤ ፊት ለፊት ሆነው ራስ ለራስ ይገጥማሉ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ አፔራሞ አላረፈም።

«ሻምፒዮኑ፣ ፊትህን አደራ፤ ቅዳሜ ፎቶ አለብህ።»

«ፎቶው ላይ አንተን ከጎኔ አደርግሃለሁ፣ እንዳምር» አለው ፔሳሚኖ።

ከዳር የቆመው ሰው ተንከተከተ።

ከእረፍት በኋላ ግፊያው ፈረሰና ሁሉም ተደራርቦ ወደቀ። በዚያ መሃል የአፔራሞ ግንባር የፔሳሚኖን ቅንድብ መታው። የታሰበ ነገር አልነበረም፤ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚሆን ነው። ፔሳሚኖ ተነስቶ እጁን ቅንድቡ ላይ ቢያደርግ ደም ሆነ። ቅንድቡ የተተረተረ ቦክሰኛ ሐኪሙ አያስገባውም፤ ይህን ሜዳ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። አፔራሞ ተነስቶ ወደ እሱ መጣ፤ ፊቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ጎንበስ አለ። ፔሳሚኖም መታው። በባዶ እጁ፣ አንድ ጊዜ።

ሳሌታኢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲባል የኖረው፣ «ሊደግመው የመጣ መስሎት ነው፤ ደም ዓይኑን ጋርዶት ነበር» የሚል ነው። ቫይሴጉ ውስጥ ይህ ወሬ አይወራም። አፔራሞ የጉንጩ አጥንት ተሰብሮ በጀልባ ተወሰደ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ዓይኑ ግን ጠፋ።

የፔሳሚኖ ቅንድብ በሁለት ቀን ደረቀ። እናቴ በሎሚና በጨው አጥባ ስታየው ጭረት ነበር።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ ፖሊስ ቢመጣም ባይመጣም ቤተሰቡ የሚያደርገው አለ። ጎህ ሲቀድ የአጥፊው ቤተሰብ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። የቤተሰቡ ሹም መሬት ላይ ተቀምጦ የክብር ሰሌን ይከናነባል። ይህ ሰሌን ሰው የሚተኛበት ዓይነት አይደለም፤ ሴቶቻችን ወራት ተቀምጠው እንደ ሐር እስኪለሰልስ የሚሠሩት፣ ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ሌሎቹ ከኋላው አቀርቅረው ይቀመጣሉ፤ ከፊታቸው የማብሰያ ድንጋይ፣ ማገዶና ቅጠል ያኖራሉ፤ ብትፈልጉ ጠብሳችሁ ብሉን ማለት ነው። የተበደለው ቤት ሰው ወጥቶ ሰሌኑን ከገለጠና ከተቀበለ ደሙ ደረቀ። ካልገለጠ፣ መጠበቅ ነው።

ቶአፋ ቤተሰቡን ሰበሰቡ። የክብር ሰሌናችን ሌላ ደሴት ያለ ዘመድ ቤት ነበርና መጥቶ እስኪደርስ ቅዳሜ ሆነ።

«ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን» አሉ።

ፔሳሚኖ ከምሰሶው ስር ተቀምጦ ነበር። «ቅዳሜ ግጥሚያዬ ነው» አለ።

ከዚያ ቀጠለ፦ «ከሰሌኑ ስር የሚገቡት እርስዎ ነዎት። ሥርዓቱ ሹሙ ይግባ ነው የሚለው። እኔ ከኋላ ከወጣቶቹ ጋር ነው የምቀመጠው።»

«ልክ ነህ» አሉ ቶአፋ።

«እንግዲያው የኔ መኖር ምን ይለውጣል?»

«እሱን ሥርዓቱ አይነግርህም።»

ውሸት አልተናገረም፤ ሥርዓቱ እንደዚያው ነው። አንድም ሰው ሥርዓት አፈረስክ ሊለው አይችልም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ መርከብ ተሳፈረ።

ቅዳሜ የሆነውን እናቴ የነገረችኝ ጎደሬ እየላጠች ነው፣ አንድም ጊዜ ቀና ሳትል። ቤቶቻችን በምሰሶ የቆሙ፣ ግድግዳ የሌላቸው ናቸው፤ የአፔራሞ ቤት መጋረጃዎች፣ ከኮኮናት ቅጠል የተሠሩት፣ ዙሪያውን ወርደው ነበር። ቶአፋ ሰሌኑን ተከናንበው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣች፤ ሞቀች፤ አናት ላይ ደረሰች። መጋረጃው አልተነሳም። አንዲት ሕፃን በቀዳዳው አይታቸው ተጎትታ ተወሰደች። ውሃ ማቅመስ አይቻልም፣ እጅን ከጉልበት ማንሳትም አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ግን ከዚያው ቤት ውስጥ ሬዲዮ ተከፈተ። ግጥሚያው በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ተናጋሪው «ፔሳሚኖ በቀኝ... አሁንም በቀኝ...» ይላል፤ ሕዝቡ ያጓራል። ቶአፋ ከሰሌኑ ስር፣ ቤተሰቡ ከኋላቸው፣ ሁሉም እየሰማ ነው።

«እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንዲሸነፍ ይጸልይ ነበር» አለችኝ እናቴ። «እኔም።»

አሸነፈ። ስሙ ሲጠራ ሬዲዮው ተዘጋና መጋረጃው ተነሳ። የወጡት የአፔራሞ እናት፣ እማማ ሲያሌይ ናቸው። ሰሌኑን በገዛ እጃቸው ገለጡ። የቶአፋ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ተነሱ ቶአፋ» አሏቸው። «ልጄን የመታው እርስዎ አይደሉም።»

ከዚያ ሰሌኑን አጣጥፈው መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩላቸው። «ይህንን ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤቱ ሲመጣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

አላባረሯቸውም፤ አልተቀበሏቸውምም። እንዲህ ያለ ነገር በሁለቱም መንደር ከዚያ በፊት አልታየም። ቶአፋ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ወጣቶቹ ተሸክመው ወሰዷቸው።

ፔሳሚኖ ሰኞ ተመለሰ። መርከቡ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ትከሻውን እየመታ፣ ቀበቶውን እየነካ አጀበው፤ ወደቡ ላይ ሲወርድ ግን እናቴ ብቻዋን ቆማለች።

«ሰዉስ?» አላት።

«ሰው ሥራ አለው።»

«ቶአፋስ?»

«ተኝተዋል።»

«ተቀበሏቸው?»

«ሰሌኑ እኛ ቤት ነው» አለችው።

ቀበቶውን ከትከሻው አውርዶ የሚከትበት ፈለገ። እናቴ ዳቦ የገዛችበትን ከረጢት ባዶ አድርጋ ሰጠችው።

ያን ቀን ሄዶ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ግን እፍረት እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ነገ ይሻለኛል እያልክ ታሳድረዋለህ። «ቶአፋ ይዳኑና አብረን እንሄዳለን» አለ። ቶአፋ ግን አልዳኑም፤ ደረታቸው ላይ የገባው ሳል በዚያው ክረምት ወሰዳቸው። ፔሳሚኖን አልወቀሱትም፤ እናቴ የምትለው ቢወቅሱት ይሻለው ነበር ነው።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቶአፋ የሚለውን የሹመት ስም ለፔሳሚኖ ሊሰጥ ወሰነ። አሳዳጊው ናቸው፣ ሌላ ወራሽም የለም። እሱ ግን፣ «የእሳቸውን ስም እኔ ላይ? አታፍሩም?» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ስሙ ባዶውን ቀረ። ሹም የሌለው ቤት በመንደሩ ጉባኤ አፍ የለውም፤ ስንት ነገር ሲወሰን፣ በጉባኤው ቤት የእኛ ሹም የሚደገፈው ምሰሶ ብቻውን ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጓንትም ኳስም አልነካም። ሶሎፋ አንዴ መጥቶ ጎደሬ ማሳ ውስጥ አገኘው። ብዙ ለምኖ ሲሰለቸው፣ «ቀበቶህን ሰው ነጥቆህ ሳይሆን ራስህ ለአሳማ ሰጥተኸው ነው ይሉሃል» አለው። «ልክ ነው» አለ ፔሳሚኖ፣ መቆፈሩን ሳያቆም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳውን በኖራ የሚያሰምረው እሱ ነበር። ገና ሰው ሳይነሳ መስመሮቹን እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ያሰምራል፤ ጨዋታ ሲጀመር ግን የለም። ወደ ገበያ የሚሄደው አውቶቡስ በቫይሴጉ ነው የሚያልፈው። ቫይሴጉ ከመድረሱ በፊት ካለው ድልድይ ይወርድና በማሳ ውስጥ ጥምዝ ብሎ በእግሩ ያልፋል፤ ከመንደሩ ወዲያ ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃል። ዕቃ ተሸክሞም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። ሹፌሮቹ ለምደውት ሳይነግራቸው ድልድዩ ላይ ያቆማሉ። የማያውቅ መንገደኛ «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አውቶቡሱ በሙሉ በመስኮት ወደ ባሕሩ ያያል። እኔም ትምህርት ቤት ስመላለስ አብሬው ተሳፍሬ ወደ ባሕሩ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ ከሁሉ መንደር መርጬ የቫይሴጉን ልጅ ወደድኩ። ሌሳ ይባላል፤ የአፔራሞ ልጅ ነው። ጠይቀን የሚፈቅድልን እንደሌለ ስላወቅን እንደ ብዙ ወጣቶች ጠፍተን ሄድን፤ በእኛ አገር ይህም ጋብቻ ነው። ያረፍነው አፔራሞ ቤት ነው። ደጁ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሳሌታኢዋ የቫኦሳ።»

ወደ ልጁ ዞሮ፣ «የፔሳሚኖን የእህት ልጅ ነው ያመጣኸው?» አለው።

«አዎ፣ አባ።»

«ይሁን። ቢያንስ የሷ አንገት ይታያል።»

እንዲህ ሆኖ ነው የገባሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፉ ቃል አልሰማሁም፤ የአጎቴም ስም አልተነሳም። ልጄ ሲወለድ የእኛ ወገን ስጦታውን ይዞ መጣ፤ እናቴ መጣች። አጎቴ ግን ድልድዩ ጋ ወርዶ ተመለሰ።

እኔ ነገር ሲንጠለጠል አልወድም። ልጄ ጠና ሲል አዝዬው ሳሌታኢ ሄድኩ። ፔሳሚኖ ማሳው ውስጥ ነበር። ሕፃኑን ስዘረጋለት ወደ ኋላ ሸሸ።

«እጄ ጭቃ ነው።»

«ታጠብ። እጠብቅሃለሁ።»

ምንጩ ጋ ሄዶ ብዙ ቆየ። ተመልሶ መጥቶ ሕፃኑን ሲቀበለኝ በመዳፉ አልያዘውም፣ በክንዱ ነው ያቀፈው፤ ጣቶቹን አጥፎ ወደ ውጭ አድርጓቸዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሁለት ቤት ነው ያለው» አልኩት። «በአንደኛው አንተ የለህም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ከሰሌኑ ስር አትገባም?»

«ሹም አይደለሁማ። ሹም ያልሆነ ሰው ሰሌን ቢከናነብ ዝናብ የፈራ ነው የሚመስለው። ይስቁብኛል።»

«እንግዲያው ሹመቱን ተቀበል።»

«በዚህ ሥራዬ ልከበር?»

«ለመዋረድ ነው እንጂ። ያልከበረ ሰው ምኑን ይዋረዳል?»

ሕፃኑ አገጩን ያዘው። አጎቴ እንዲሁ አቅፎት ቆየ። ስመለስ እናቴን አግኝቻት የተባባልነውን ነገርኳት፤ ሰሌኑን ከሣጥኑ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ሹመቱን ተቀበለ። ድግሱ ላይ አንድ ሽማግሌ «ቶአፋ ሆይ» ብሎ ሲጠራው ዞር ብሎ ከኋላው አየ። ሰዎች አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ከእናቴና ከጥቂት ዘመዶች ጋር ቫይሴጉ ገባ። ድልድዩን አልፎ በዋናው መንገድ፣ ድንጋይና ማገዶውን ራሱ ተሸክሞ።

እኔ በዚያ ሰዓት ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ፣ ሕፃኔን ታቅፌ። ደጃችን ላይ ተቀመጠ፤ እናቴ ሰሌኑን ከላይ ጣለችበት። ያ ሁሉ ትከሻ ሰሌኑን ወጠረው፤ ጫፉ መሬት አልደረሰም፣ ጉልበቱ ይታይ ነበር።

«አባባ፣ መጥተዋል» አልኩ ለአፔራሞ።

«አይቻለሁ። ግማሹን» አለ።

አልተነሳም። ጠዋቱ ሄደ። ባሌ ሌሳ ሁለት ጊዜ ወደ መጋረጃው ተነስቶ ሁለቱንም ጊዜ አባቱ «ተቀመጥ» አለው። አሁንም ሰሌኑ ተጣጥፎ ከተመለሰ ሌላ ጊዜ የለም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ተብሏል፣ ባለቤቱ መጥቷል። እናቴን በቀዳዳው አያታለሁ፤ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደምትቀመጠው ነው የተቀመጠችው። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ፣ ያ የእኛ ደሴት ዝናብ፣ በአንዴ። ሰሌኑ ረጥቦ ራሱ ላይ ተጣበቀ።

«ሸሚዜ የታለ?» አለ አፔራሞ። አጠገቡ ነበር። አቀበልኩት። ቁልፎቹን ለመቆለፍ ብዙ ታገለ። ከዚያ መጋረጃውን አንስቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣና ሰሌኑን ገለጠው።

«ፔሳሚኖ» አለው። በሹመት ስሙ አልጠራውም። «ዳኛው ቆጥሮ ከጨረሰ ቆይቷል። ተነስ።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴም አልተነሳም።

«መጀመሪያ ልናገር።»

«ተናገር።»

«ቅንድቤ በሁለት ቀን ዳነ» አለ። ድምፁ በዝናቡ መሃል እየጠፋ ነበር። «ልትደግመኝ የመጣህ መስሎኝ ነው ብለው አወሩልኝ። እኔም ዝም አልኩ። አንተ ግን ቁስሌን ልታይልኝ ነበር ጎንበስ ያልከው። ሳልመታህ በፊት አውቅ ነበር። ቀበቶው ነው የታየኝ።»

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ይህንን እሷም አልሰማችም ነበር።

አፔራሞ ሰሌኑን እንደያዘ ቆሟል። «እንደምታውቅ አውቅ ነበር» አለ። «ዓይንህን እያየሁ ነዋ የመታኸኝ። ያኔ ሁለት ነበረኝ።» ከዚያ ሰሌኑን አጣጠፈ። ጭኑ ላይ ያኖርለታል ብዬ ፈራሁ። ብብቱ ስር ሸጎጠው። «ግቡ፣ ብርድ ነው። ምራቴ ካካዎ አፍልታለች።»

አላፈላሁም ነበር፤ ሮጬ ጣድኩ።

ገብተው ተቀመጡ። ደረቅ ሽርጥ ሰጠናቸው፤ ጎደሬ፣ ዓሣና የኮኮናት ወተት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ማለት ያለባቸውን ሁሉ በሥርዓቱ ተባባሉ፤ ሰሌኑ ከአፔራሞ ጀርባ ምሰሶው ስር ተቀመጠ፣ የዚያ ቤት ንብረት ሆነ። ከወጣቶቹ አንዱ ስለ ድሮው የደሴቱ ቡድን ጠየቀና አፔራሞ ወሬውን ጀመረ፤ የብብቱን ነገር ሲያነሳ ቤቱ ሳቀ። አጎቴም ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እኔ ካካዎውን አቀረብኩ። የአፔራሞን ሲኒ ሁልጊዜ የማኖርለት ከቀኝ ጉልበቱ አጠገብ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ቦታው በእንግዳ ስለተያዘ ከፊት ለፊቱ አኖርኩት። አፔራሞ እያወራ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ከሲኒው ወዲህ፣ ባዶው ላይ ተጨበጡ። ሳያቋርጥ እያወራ እንደገና ዘረጋ፤ አሁን ደግሞ አለፈው፣ ሲኒው ተነቅንቆ ጥቂት ፈሰሰ። እኛ የቤቱ ሰዎች ይህን፣ አንድ ዓይን ርቀት ሲስት፣ በየቀኑ ስለምናየው አናየውም።

አጎቴ አየው። ያን ሁሉ ዓመት በማሳ ሲዞር ስለኖረ ይህን አያውቅም ነበር። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ቀስ ብሎ ሲኒውን በአንድ ጣቱ ወደ አፔራሞ እጅ ገፋ አደረገለት።

«ተወው» አለው አፔራሞ፣ በለሆሳስ፣ ሌላው እንዳይሰማ። «አገኘዋለሁ።»

አጎቴ ጣቱን መለሰ። አፔራሞ መሬቱን በመዳፉ እየዳበሰ ሄዶ ሲኒውን አገኘው፤ አንስቶም ጠጣ። አጎቴ ግን እስኪነሱ ድረስ ቀና አላለም፤ ሁለት እጁን ብብቱ ስር አድርጎ፣ የቀረበለትን ሳይነካ ተቀመጠ።